ቦርደርላይን የስብዕና ቀውስ ያለባትን ታካሚ በዋርድ መንከባከብ፦ ለነርሶች ከመግቢያ እስከ መውጫ

ቦርደርላይን የስብዕና ቀውስ ስሜት፣ ከሰው ጋር ያለ ግንኙነትና ስለራስ ያለ ግምት የማይጸኑበት ለዓመታት የሚቆይ የአእምሮ ችግር ነው። ይህ መመሪያ በአእምሮ ሕክምና ክፍል ለሚሠሩ ነርሶች ነው፤ በድንገተኛና በውስጥ ደዌ ክፍል ተረኛ ሆነው እንዲህ ያለች ታካሚ ለሚገጥማቸውም ያገለግላል። ጤና ጣቢያዎቻችን የሚጠቀሙበት የዓለም ጤና ድርጅት ኤም ኤች ጋፕ (የአእምሮ ጤና ሕክምና) መመሪያ ለስብዕና ቀውስ የተለየ ምዕራፍ የለውም። ስለዚህ ብዙ ነርስ ራስን የመጉዳትና የማጥፋት ምዕራፉን ይዞ ይሠራል፤ ለቀሪው ግን በልምድ ይጓዛል። እዚህ የምንጽፈው ያንን ቀሪውን ነው።

"ታካሚዋ" እያልን የምንጽፈው ወደ ሆስፒታል የሚመጡት አብዛኛዎቹ ሴቶች ስለሆኑ ነው። በኅብረተሰቡ ውስጥ ሲታይ ግን ችግሩ በወንዶችም በተቀራራቢ ቁጥር አለ፤ ወንዶቹ ብዙ ጊዜ በጠብ፣ በመጠጥና በጫት በኩል ስለሚገለጡ ሳይታወቁ ይቀራሉ።

በዋርድ ውስጥ "ቅብጠት ነው"፣ "አመሏ ነው"፣ "ትኩረት ፈልጋ ነው" የሚባለው ነገር ከሁሉ አስቀድሞ መቅረት አለበት። ይህን የምንለው ለጨዋነት ብቻ አይደለም። "ቅብጠት" የተባለችን ታካሚ ቁስል ነርሷ ዘግይታ ታያለች፣ ተረኛ ሐኪሙ አይጠራም፣ "እሞታለሁ" ስትል የሚጠይቃት የለም። በቆዩ የክትትል ጥናቶች ደግሞ ከእነዚህ ታካሚዎች እስከ 10 በመቶ የሚደርሱት ራሳቸውን አጥፍተዋል።

1. ፊታችሁ ያለው ምን እንደሆነ ለዩ

ምርመራውን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሚያያት ግን ነርስ ነው። በዲ.ኤስ.ኤም 5 (የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መጽሐፍ) መስፈርት ከ9 ምልክቶች ቢያንስ 5 ያስፈልጋሉ፦ እተዋለሁ ብሎ ከልክ በላይ መፍራት፣ ዛሬ መልአክ ያሉትን ሰው ነገ ጠላት የሚያደርግ ግንኙነት፣ ስለራስ የማይጸና ግምት፣ በችኮላ የሚደረግ ጎጂ ነገር፣ ተደጋጋሚ ራስን መጉዳት ወይም ዛቻ፣ በሰዓታት የሚለዋወጥ ስሜት፣ ሥር የሰደደ ባዶነት፣ የማይገታ ቁጣ፣ ጭንቀት ሲበረታ የሚመጣ አጭር ጥርጣሬ ወይም ከራስ የመለየት ስሜት። እነዚህ ከጉርምስና ወይም ከወጣትነት መጀመሪያ አንሥተው የቆዩ መሆን አለባቸው።

በጣም የሚምታታው ከባይፖላር (ስሜት ለቀናትና ለሳምንታት ከልክ በላይ ከፍ ወይም ዝቅ ከሚልበት ሕመም) ጋር ነው። የባይፖላር ማኒያ (ከፍ ያለው ስሜት) ቢያንስ ለ1 ሳምንት ይቆያል፤ ታካሚዋ 3 ሰዓት ተኝታ እንኳ አይደክማትም። እዚህ ግን ስሜቱ ጠዋት ተነሥቶ ከቀትር በፊት ሊበርድ ይችላል፤ ከኋላውም ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከሰው ጋር የተያያዘ ምክንያት አለ፦ ያልተመለሰ ስልክ፣ የቀረ ጠያቂ፣ የሐኪሙ ፊት መጥቆር። ስለዚህ ቻርቱ ላይ "ስሜቷ ተለዋወጠ" ብላችሁ አትለፉ፤ ሰዓቱንና ከዚያ በፊት የሆነውን ጻፉ። ይህች አንድ መስመር ለዓመታት ያለ ምክንያት ቫልፕሮዌት የተባለውን የባይፖላር መድኃኒት ከመውሰድ ታድናታለች፤ መድኃኒቱ ደግሞ በእርግዝና ጊዜ ፅንስን ይጎዳል።

ሌላው ስህተት ከዐረብ አገር በደል ደርሶባት በተመለሰች ወጣት ላይ የሚፈጸመው ነው። ቁጣው፣ መደንገጡ፣ ራስን መጉዳቱ ይመሳሰላል። ከመሄዷ በፊት ደህና ከነበረች ግን መጀመሪያ መታሰብ ያለበት የደረሰባት ጉዳት ያስከተለው የአእምሮ ሕመም ነው። ቤተሰቡን "ከመሄዷ በፊት እንዴት ነበረች?" ብላችሁ ጠይቁ።

2. የመጀመሪያው ቀን

ከመግባቷ በ1 ሰዓት ውስጥ ዕቃዋን እሷ ባለችበት፣ ምክንያቱን እየነገራችሁ ፈትሹ። ስለታም ነገርና ከቤት የመጣ መድኃኒት ዝም ብሎ መውሰድ ይቀላል፤ የሚረሳው የአስታማሚዋ ቦርሳ ነው። ፍራፍሬ መላጫ ቢላዋውና ለልብስ ማጠቢያ የመጣው በረኪና ያሉት እዚያ ነው።

ቀጥሎ ለ20 ደቂቃ ያህል ቁጭ ብላችሁ አራት ነገር ንገሯት፦ ዋና ነርሷ ማን እንደሆነች፣ በየቀኑ በስንት ሰዓት እንደምታነጋግራት፣ ምን እንደማይፈቀድ፣ መቼ እንደምትወጣ። የመውጫውን ቀን በመጀመሪያው ቀን መናገር ብዙ ነርስ ይከብደዋል፤ ሳይነገር ሲቀር ግን መውጫው እንደ መተው ይቆጠራል። ሌላ ሕመም ካልተደረበ መቆያው አጭር ይሁን፤ ከ3 እስከ 7 ቀን ይበቃል። ለወራት ተኝታ የምትቆይ ታካሚ ብዙ ጊዜ እየባሰባት ይሄዳል፤ የውጭ ሕይወቷን የምትይዝበት ጉልበት ይሟሽሻል፣ ጭንቀትን የምትገልጽበት ብቸኛ መንገድም ዋርዱ የሚያስተናግደው ቀውስ ይሆናል። በስዊድን ታካሚዋ ራሷ ጠይቃ ቢበዛ 3 ሌሊት፣ በወር ቢበዛ 3 ጊዜ የምትገባበት አሠራር አለ፤ ሳትቆስል ለመግባት መቻሏ ነው ጥቅሙ።

በየቀኑ የሚሰጠው ጊዜ የዚህ ሁሉ ምሰሶ ነው። ለምሳሌ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ 15 ደቂቃ፣ ከቀትር በኋላ 10 ሰዓት ላይ 15 ደቂቃ። ጥሩ ውላ ከሆነም፣ ስትሳደብ ውላ ከሆነም፣ ራሷን ጎድታ ከሆነም ሰዓቱ አይለወጥም፤ አይጨመርበትም፣ አይቀነስበትም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጸጥ ስትል ማንም የማይጠጋት፣ ስትቆስል ግን ሦስት ነርስና አንድ ሐኪም የሚከቧት ከሆነ ቁስልን ያስተማርናት እኛው ነን። ነርሷ መገኘት ካልቻለች ቀድማ "ዛሬ ስብሰባ ስላለብኝ 10 ሰዓት ሳይሆን 11 ሰዓት እመጣለሁ" ትበላት። ሳይነገር የቀረ ቀጠሮ የአንድ ሌሊት ቀውስ ያስከትላል።

3. አደጋን መመዘን

በየፈረቃው፣ በግልጽ ቃል፣ በጸጥታ ቦታ ጠይቁ፦ "ራስሽን ለመጉዳት አስበሻል? ለመሞት ነው ወይስ ጭንቀቱን ለማስታገሥ? እንዴት እንደምታደርጊው አስበሻል? አሁን እጅሽ ላይ ምን አለ?" መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባባትም።

ብዙዎቹ ራሳቸውን የሚጎዱት የውስጥ ጭንቀቱ ለጊዜው ስለሚረግብላቸው ነው፤ መሞት ላይፈልጉ ይችላሉ። ይህ ማለት ግን አይሞቱም ማለት አይደለም። በእነዚህ ታካሚዎች ዘንድ የሞት ሐሳብ ለዓመታት የቆየ ስለሆነ መመልከት ያለባችሁ ከተለመደው የተለየውን ነው። የተለየ ዘዴ ማሰብ፣ ዕቃን ማከፋፈል፣ ከረጅም ንዴት በኋላ ድንገት የመጣ ጸጥታ፣ አዲስ የተደረበ ድብርት፣ መጠጥ፣ በዚያው ሳምንት የደረሰ መለያየት ወይም ሐዘን ካለ ተረኛ ሐኪም ይጠራ፤ አንድ ነርስ ከአጠገቧ አትለይ። መካከለኛ አደጋ ከሆነ በየ15 ደቂቃው ማየት ይበቃል፤ ግን በትክክል በ15 ደቂቃው ሳይሆን አንዴ በ8፣ አንዴ በ13 ደቂቃ ሂዱ። ሰዓቱን ጠብቃ የምትጠቀም ታካሚ አለች። ሠራተኛ ባነሰበት ሌሊትም ቢሆን ሄደው ሳያዩ የክትትል ሰዓቱን ፈርሞ መሙላት በምንም መንገድ አይታለፍም።

4. ወሰን ማበጀት

ወሰን የሚነገረው በሦስት ተከታታይ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ስሜቷን መቀበል፣ የማይሆነውን መናገር፣ የሚሆነውን ከነሰዓቱ መስጠት።

"መናደድሽ ይገባኛል። ዕቃ መወርወር ግን እዚህ አይቻልም። አስቀምጪውና ወደዚያኛው ክፍል አብረን እንሂድ፤ 10 ደቂቃ እሰማሻለሁ።"

ሦስተኛውን የሚዘል ነርስ ይበዛል። "አይቻልም" ብቻ ሲባል በር እንደተዘጋ ይሰማታል፤ መጀመሪያውም የምትፈራው መተውን ነው።

ወሰኑ ትንሽ ይሁን እንጂ የጸና ይሁን። ዘጠኝ ጊዜ ከልክላችሁ በአሥረኛው ስለጮኸች ብትሰጡ፣ እስከ አሥረኛው መጮህ እንደሚያዋጣ አስተማራችኋት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ከአሥረኛውም ታልፋለች። ሌላም ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ፦ አዲስ ወሰን ሲጀመር ለ2 ወይም 3 ቀን ጠባዩ ይብሳል። ዋርዶች ዕቅዱን የሚተዉት በዚሁ በሦስተኛው ቀን "አልሠራም" ብለው ነው፤ መሥራት ሊጀምር ሲል ማለት ነው። ባይቻላችሁ ወሰኑን ከመጀመሪያውም አታብጁት።

ለነርሷ ራሷም ወሰን አለ። የግል ስልክ ቁጥር አይሰጥም። ብር አይበደሩም፣ አያበድሩም። ወርቅ፣ ልብስ አይቀበሉም። ቤቷ ለቡና መጠራት በባህላችን ወዳጅነት ነው፤ እምቢ ማለትም ይከብዳል፤ "ስለጋበዝሽኝ አመሰግናለሁ፤ ወደ ታካሚ ቤት መሄድ ለሥራችን አልተፈቀደም፤ ነገ በ4 ሰዓት ግን እንገናኛለን" ማለት ይበቃል። "ምስጢር ልንገርሽ፣ ለማንም እንዳትነግሪ" ስትላችሁ ከመስማታችሁ በፊት መልሱ፦ "ለደኅንነትሽ የሚያስፈልገውን ለቡድኑ እናገራለሁ፤ ሌላውን ግን ወሬ አላደርገውም።"

5. ቀውሱ ሲነሣ

አንድ ነርስ ብቻ ይናገር። ሌሎቹ ጠያቂውንና ሌሎች አስታማሚዎችን ያርቁ፤ ተመልካች ሲበዛ እሳቱ ይጨምራል። ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ርቃችሁ፣ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ዘንበል ብላችሁ ቁሙ፤ በሩ ለእናንተም ለእሷም ክፍት ይሁን። ድምፃችሁን ከድምፅዋ በታች አድርጉ።

"ተረጋጊ፣ ምንም አልሆንሽም" አትበሉ። ለእሷ የሆነ ነገር ሆኗል፤ የሚያስጮኻትም አለመታመኗ ነው። "ይህን ያህል ያስጨነቀሽ ነገር እንዳለ አያለሁ፤ ምን እንደሆነ ንገሪኝ" በሉ። ስሜቱን መቀበል ሥራውን መፍቀድ አይደለም።

ከዚያ ሰውነትን ማብረድ ነው። በሳህን ቀዝቃዛ ውኃ አቅርቡላት፤ ትንፋሿን ይዛ ግንባሯንና ጉንጮቿን ለ30 ሴኮንድ ያህል ትንከር፤ 2 ወይም 3 ጊዜ ይደገም። ሳህን ከሌለ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ዓይኗና ጉንጯ ላይ ይደረግ። ይህ የልብ ምትን ስለሚቀንስ የልብ ሕመም ላለባት፣ ምቷ ዝቅተኛ ለሆነ፣ ፕሮፕራኖሎል (የልብ ምት የሚቀንስ መድኃኒት) ለምትወስድ ወይም በምግብ እምቢታ ለከሳች ታካሚ አይደረግም። ቀጥሎ ለ5 ደቂቃ አብራችኋት ተንፍሱ፦ እስከ 4 እየቆጠሩ ማስገባት፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ማውጣት። ዓይኗ ፈዝዞ የማትመልስ ከሆነ ሳትነግሯት አትንኳት፤ በስሟ ጥሯት፣ የት እንዳለችና ቀኑን ንገሯት፣ የምታያቸውን 5 ነገሮች፣ የምትዳስሳቸውን 4፣ የምትሰማቸውን 3 እንድትጠራ አድርጉ።

ማሰር የመጨረሻው አማራጭ ነው። ብዙዎቹ በልጅነታቸው የተያዙ፣ የተደበደቡ፣ የተደፈሩ ናቸው፤ መታሰሩ ያንኑ ይመልስባቸዋል።

6. ራሷን ከጎዳች በኋላ

ቁስሉን እንደማንኛውም ሰው ቁስል አክሙ። በኖርማል ሳላይን እጠቡ፣ የቴታነስ ክትባቷን ጠይቁ፣ የሚሰፋ ከሆነ በሊዶካይን ይሰፋ። "ራሷ ያደረገችው ነው፣ ትቅመሰው" ተብሎ ያለ ማደንዘዣ መስፋት ቅጣት ነው፤ እንዲህ ሲደረግ ያየ ነርስ ለኃላፊው ማሳወቅ አለበት። በረኪና ከጠጣች እንዳታስመልሷት፤ ከሰል አትስጡ። የተባይ መድኃኒት ከሆነ ጓንት አድርጋችሁ ልብሷን አውልቁ፣ ቆዳዋን በሳሙና እጠቡ፣ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ላኩ። "ትንሽ ነው የጠጣሁት" የሚለውን ቃል አትመኑበት።

እያከማችሁ ሳለ ድምፃችሁ ጸጥ ያለ፣ ንግግራችሁ አጭር ይሁን፤ ቁጣም፣ ከልክ ያለፈ መንሰፍሰፍም አይኑር። ምክንያቱን በዚያ ሰዓት አታውጣጡ። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማርሻ ሊነሃን ለዚህ የስብዕና ቀውስ የቀመረችው ዲ.ቢ.ቲ የተባለ የንግግር ሕክምና ራስን ከጎዱ በኋላ ለ24 ሰዓት የቴራፒስቱን የስልክ ምክር ያቆማል፤ ያ ግን የስልክ ምክርን የሚመለከት ነው እንጂ በዋርድ ላይ ታካሚን ለ24 ሰዓት ዝም በሉ ማለት አይደለም።

በማግስቱ፣ በመደበኛው ሰዓት፣ ሰንሰለቱን አብራችሁ ጻፉ። ያን ቀን እንቅልፍና ምግብ እንዴት ነበር? መጠጥ ወይም ጫት ነበረ? ነገሩ የተነሣው በምን ነው? ምን አሰብሽ? ሰውነትሽ ላይ ምን ተሰማሽ? ከዚያስ? ከተጎዳሽ በኋላ ምን ተለወጠ፣ ማን ምን አለሽ? ከዚህ ሰንሰለት አንዲት ቀለበት ብቻ ምረጡና በሚቀጥለው ጊዜ እዚያ ላይ ምን እንደምታደርግ ይጻፍ። ሁሉንም ለመለወጥ መሞከር አንዱንም አለመለወጥ ነው።

7. ቡድኑ እንዳይሰነጠቅ

"አንቺ ብቻ ነሽ የምትገቢኝ፤ የሌሊቷ ሲስተር ግን ጨካኝ ናት።" ይህን ስትሰሙ ደስ ካላችሁ ተጠንቀቁ። መልሱ "ከሌሊቷ ሲስተር ጋር የተከፋሽበትን ለራሷ እንድትነግሪያት እረዳሻለሁ" ነው። ማሞገሷንም፣ መስደቧንም በቻርቱ ላይ በጥቅስ ጻፉት። የሚከፋው ታካሚዋ ስንጥቅ ስለምትፈጥር አይደለም፤ በቡድኑ ውስጥ የነበረውን ስንጥቅ ስለምታሰፋው ነው። ሐኪምና ነርስ በማይነጋገሩበት ዋርድ እነዚህ ታካሚዎች ሁልጊዜ "ከባድ" ናቸው።

መድኃኒቱ አንድ ገጽ ዕቅድ ነው። ከቻርቱ ፊት ይያዝ፣ ሐኪሙ፣ ዋና ነርሷና ታካሚዋ ይፈርሙበት፦ የንግግር ሰዓቶች፣ ወሰኖቹ፣ ቀውስ ሲነሣ የሚደረገው፣ መድኃኒቱ ከነልኩ፣ የመውጫው ቀን። በፈረቃ መካከል ማንም ብቻውን አይለውጠውም፤ ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ካልመጣ በቀር ለውጡ በጠዋቱ ስብሰባ ይወሰናል። አብዛኛው ዕቅድ የሚፈርሰው ማታ፣ ታሪኳን የማያውቅ ተረኛ ሐኪም ሲጠራ ነው፤ ስለዚህ ገጹን ይዛችሁ ነው የምታነጋግሩት። ርክክብ ላይ "ያው እንደተለመደው አስቸግራለች" አይባል፤ ምን ተደረገ፣ በስንት ሰዓት፣ ከምን በኋላ፣ ምን አደረግን፣ ምን ሠራ።

በሳምንት አንድ ጊዜ ለ45 ደቂቃ ሠራተኛው ስለ ታካሚዋ ሳይሆን ስለ ራሱ ስሜት የሚናገርበት ጊዜ ይኑር። ንዴት፣ ፍርሃት፣ "እኔ ብቻ ነኝ የማድናት" የሚል ስሜት ሁሉ እዚያ ይውጣ። ካልወጣ በወሰን ስም ቅጣት፣ በርኅራኄ ስም ደግሞ ወሰን የለሽነት ሆኖ ይመጣል።

8. መድኃኒት

ለስብዕና ቀውሱ ራሱ የተፈቀደ መድኃኒት የለም። በእንግሊዝ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የናይስ (የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም) መመሪያ መድኃኒት ለዚህ የስብዕና ቀውስ ብቻ ተብሎ እንዳይሰጥ፣ በቀውስ ጊዜ የሚሰጥ ማስታገሻም ከ1 ሳምንት እንዳይበልጥ ይላል። ድብርት ወይም ሌላ ሕመም ከተደረበ እሱ ይታከማል። ለነርስ ሦስት ነገር፦ ማስታገሻው ዲያዜፓም አንዳንዷን ከማረጋጋት ይልቅ ልጓሟን ያላላዋል፣ ሱስም ያስይዛል፤ በየቀኑ እየተደገመ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩ። የድብርት መድኃኒቱ አሚትሪፕቲሊን ከልክ በላይ ሲወሰድ ልብን ያቆማል፤ ራሷን ለምትጎዳ ታካሚ የወር መድኃኒት ተጠቅልሎ ሲሰጥ ካያችሁ አስቁሙና ጠይቁ። ስትውጥ ደግሞ ውኃ አጠጥታችሁ ጥቂት አነጋግሯት፤ መድኃኒቱን ሳይውጡ ደብቆ ማጠራቀም የተለመደ ነው።

9. አስታማሚውና ቤተሰቡ

እናት ወይም እህት አልጋው ሥር ተኝታ ታስታምማለች፤ ስለዚህ ዕቅዱን ካላወቀች ዕቅድ የለም። ከሷ ጋር 30 ደቂቃ ተቀመጡ። "ሰይጣን ነው"፣ "ዛር ነው" ስትል አትከራከሯት። ጸበል መውሰድ ከፈለጉ ሦስት ነገር ተስማሙ፦ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ፣ እንዳትታሰርና እንዳትገረፍ፣ ቀጠሮዋ እንዳይቀር። ይህን በአክብሮት ስትጠይቁ አብዛኛው ቤተሰብ እሺ ይላል።

ተስፋም ንገሯቸው፤ በቦስተን አካባቢ በማክሌን ሆስፒታል በተደረገ ክትትል በ10 ዓመት ውስጥ 93 በመቶ የሚሆኑት ምልክቶቹ ቢያንስ ለ2 ዓመት ያህል ጠፍተውላቸዋል። ሥራና ማኅበራዊ ኑሮን ጨምሮ በሙሉ ያገገሙት ግን ግማሾቹ ናቸው፤ ይህንንም አትደብቁ።

10. መውጫው

ከመውጫው በፊት ባለው ሌሊት ቀውስ ይጠበቃል። ወዲያው ቀኑን ማራዘምም፣ "የተለመደ ነው" ብሎ ማለፍም ስህተት ነው፤ አደጋውን እንደ አዲስ መዝኑና በገጹ ላይ ባለው መሠረት ወስኑ።

የደኅንነት ዕቅዱ በራሷ ቃልና በምትናገረው ቋንቋ ይጻፍ፦ ቀውስ መምጣቱን የሚያሳውቁ ምልክቶች፣ ብቻዋን የምታደርገው፣ ሐሳቧን የሚያስቀይሩ ሰዎችና ቦታዎች፣ እርዳታ የምትጠይቃቸው ሰዎች ከነስልካቸው፣ የዋርዱና የድንገተኛ ክፍሉ ስልክ፣ ቤቱን አስተማማኝ ማድረጊያ። ማንበብ ካልቻለች በስልኳ ድምፅዋን ትቅረጽ። በመጨረሻው ነጥብ ላይ ጊዜ አጥፉ፦ የተባይ መድኃኒቱና በረኪናው የት ነው የሚቀመጠው? ማን ይቆልፈዋል? ቁልፉስ ማን ጋ ነው? የ7 ቀን መድኃኒት ብቻ ይሰጥ፣ ቤተሰብ ይያዘው።

በ3 ቀን ውስጥ በዋርዱ ስልክ ደውሉ፣ በ7 ቀን ውስጥ በአካል ትታይ፣ ከዚያ ለ2 ወር በየሳምንቱ። የዲ.ቢ.ቲ ሥልጠና ያለው ሰው በአካባቢው ባይኖርም ይህ ተከታታይ ግንኙነት ብቻውን ዋጋ አለው።

የስብዕና ቀውሱ ሌላ ዓይነት ሲሆን

አብዛኛው ከላይ ያለው ይሠራል፤ ጥቂት ነገር ይለወጣል። ተጠራጣሪ ስብዕና ላለው ሰው ርቀቱን አክብሩ፤ ከልክ በላይ አትሳቁ፣ አትጠጉ፣ ከፊቱ አታንሾካሹኩ፣ መድኃኒቱን በማሸጊያው አሳዩት። ፀረ ማኅበራዊ ስብዕና ላለው ወሰኑን አጭርና ከውጤቱ ጋር የተያያዘ አድርጉ፤ የሕሊና ንግግር አይጠቅምም፤ ሌሎች ታካሚዎችን ሲያስፈራራ ወይም ገንዘብ ሲወስድ ተከታተሉ፤ ብቻችሁን በተዘጋ ክፍል አትግቡ። ጥገኛ ስብዕና ላላት "ምን ላድርግ?" ስትል መልሱን አትስጡ፤ ሁለት አማራጭ አቅርቡና እስክትመርጥ ጠብቁ፣ ምንም እንኳ 10 ደቂቃ ቢወስድባት።